ጊጋኸርዙን ማመን እስከየት ነው? ስለ ፕሮሰሰር ክሎክና ኦቨርክሎኪንግ ለጀማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ኮምፒውተር ልንገዛ ስንል መጀመሪያ ዓይናችን ስለሚያርፍበት ቁጥር ነው። አንዱ 3.6 ጊጋኸርዝ ይላል፣ ሌላው 4.5 ይላል፤ እጃችን ሳናስበው ወደ ትልቁ ይዘረጋል። ጥቂት ቆይተን ደግሞ ያንን ቁጥር በገዛ እጃችን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል፣ ስሙም ኦቨርክሎኪንግ እንደሆነ እንሰማለን። ያኔ ነገሩ በነጻ የተገኘ ፍጥነት ይመስላል። እኔ በሁለቱም ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ደብቄ ከማቆየው አሁኑኑ ልናገረው። ጊጋኸርዝ ብቻውን የኮምፒውተርን ፍጥነት አይነግረንም። ኦቨርክሎኪንግ ደግሞ ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ የተወውን ትርፍ አቅም መብላት ነው፤ በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ግን ከዚያ ትርፍ አብዛኛውን ፋብሪካው ራሱ ቀድሞን በልቶታል። ይህን ለማስረዳት ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ፕሮሰሰር በውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉት። ትራንዚስተር ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው ቢከፈቱና ቢዘጉ ትርምስ ይሆናል፤ ስለዚህ የጋራ ምት ያስፈልጋቸዋል፤ ክሎክ የሚባለው ይህ ምት ነው። ምቱ የሚጀምረው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካለች የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ኳርትዝ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወጥ በሆነ ፍጥነት ይርገበገባል፤ የእጅ ሰዓትም የሚሠራው በዚሁ ጠባዩ ነው። ከዚያ ተነስቶ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ የሆነ መነሻ ምት ይዘጋጃል፤ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ተቀብሎ በራሱ ውስጥ ያባዛዋል። ማባዣው 45 ከሆነ 100 በ45 ተባዝቶ 4,500 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 4.5 ጊጋኸርዝ ይሆናል፤ በሰከንድ 4.5 ቢሊዮን ምት ነው። ይህችን ማባዛት ያዙልኝ፤ የኦቨርክሎኪንግ ሥራ በአብዛኛው እሷን መነካካት ነው።

በአንድ ምት ውስጥ ምን ይከናወናል? ምቱ ሲመታ ቁጥሮች ከተቀመጡበት ይለቀቃሉ፤ በተደረደሩ ትራንዚስተሮች ውስጥ ሲያልፉ ይደመራሉ፣ ይነጻጸራሉ፣ ይቀየራሉ፤ ቀጣዩ ምት ሲመታ ውጤቱ ተይዞ ይመዘገባል። በሰልፍ ቆመው ጡብ የሚቀባበሉ ሠራተኞችን አስቡ። አንድ ሰው ያጨበጭባል፤ በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሁሉም የያዘውን ለቀጣዩ ያቀብላል። ከሰልፉ መካከል አንድ እጀ ቀርፋፋ ሰው ካለና እሱ ሳይቀበል ጭብጨባው ከተደገመ ጡቡ መሬት ይወድቃል። የቀሩት የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆኑ አይረዳም። የፕሮሰሰርም የፍጥነት ጣሪያ የሚወሰነው በውስጡ ባለው እጅግ ቀርፋፋ መንገድ ነው።

ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ልንገራችሁ። በ5 ጊጋኸርዝ አንድ ምት የሚቆየው 0.2 ናኖሰከንድ ነው፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህች ጊዜ ብርሃን እንኳ በባዶ ቦታ የሚጓዘው 6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በቺፕ ቀጫጭን ሽቦዎች ውስጥ የሚያልፍ ምልክት ደግሞ ከብርሃን በጣም ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ትራንዚስተሮቹ ተራ በተራ ተከፍተው ተዘግተው ውጤቱ መርጋት አለበት። ሳይረጋ ምቱ ከደረሰ ፕሮሰሰሩ ያልበሰለ መልስ ይመዘግባል። ብዙ ጊዜ መሳሳቱን እንኳ አያውቅም፤ የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ኦቨርክሎኪንግ ሲባል ብዙ ሰው ጭስና እሳት ይታየዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ትንሽ ታሪክ። በ1971 የወጣው የኢንቴል ኩባንያ 4004 ፕሮሰሰር ክሎኩ 740 ኪሎኸርዝ ነበር። በ1981 የአይቢኤም ፒሲ ሲመጣ በውስጡ የነበረው 8088 በ4.77 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ኮምፒውተሮች ፊታቸው ላይ ቱርቦ የሚል ቁልፍ ነበራቸው። ስሙን የሰማ ቁልፉ የሚያፈጥን ይመስለዋል፤ የተሠራው ግን ማሽኑን ማዘግየት እንዲቻል ነው። የቀድሞ ጌሞች የጊዜ ስሌታቸው በ4.77 ሜጋኸርዝ ላይ የተመሠረተ ስለነበር በፈጣን ማሽን ላይ ሲከፈቱ ገጸ ባሕርያቱ ዓይን እስከማይከተላቸው ድረስ ይሮጡ ነበር። ቱርቦው ሲጠፋ ማሽኑ ወደ ቀድሞው ዝግታ ይመለሳል፤ ጌሙም መጫወት የሚቻል ይሆናል።

በመጋቢት 2000 የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ በአትሎን ፕሮሰሰሩ 1 ጊጋኸርዝ ደረሰ፤ ኢንቴልም በቀናት ልዩነት ተከተለው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ740 ኪሎኸርዝ እስከ 1 ጊጋኸርዝ ከ1,300 እጥፍ በላይ ነው፤ ያውም በ29 ዓመት ውስጥ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ጊጋኸርዝን ማመን ስህተት አልነበረም። ቁጥሩ ሲያድግ ማሽኑ በእርግጥም ይፈጥን ነበር፤ ልማዱም ከዚያ የቀረ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ኢንቴል በ2000 መጨረሻ ፔንቲየም 4ን ሲያወጣ ጊጋኸርዝን ለማሳደግ ብሎ የነደፈው ነበር። ሥራውን በጣም ጥቃቅን ደረጃዎች ላይ ከፋፈለው፤ በ2004 የወጣው ዓይነት 31 ደረጃዎች ነበሩት። ደረጃው ትንሽ ሲሆን በአንድ ምት የሚሠራው ጥቂት ይሆናል፣ ምቱም ሊፈጥን ይችላል። ግን ዕዳ አለው። ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ እየገመተ ነው የሚሮጠው፤ ግምቱ ሲስት በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ይጀምራል። ደረጃዎቹ ሲበዙ የሚጣለውም ሥራ ይበዛል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አላፈናፍን አለ። የ4 ጊጋኸርዙ ፔንቲየም 4 ይወጣል ተብሎ ከተነገረ በኋላ በ2004 ተሰረዘ፤ ጣሪያው 3.8 ላይ ቀረ። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 ክሎኩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነበር፤ በአብዛኛው ሥራ ግን ያንን ባለ 3.8 ጥሎት ሄደ። ደረጃዎቹ 14 ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ምት የሚያከናውነው ሥራ ግን ብዙ ነበር።

ሒሳቡ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ፍጥነት ማለት የምቱ ብዛት በአንድ ምት በሚከናወነው ሥራ ሲባዛ ነው። በሳጥኑ ላይ የሚጻፍላችሁ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በየትውልዱ ይለያያል፤ በየሶፍትዌሩም ይለያያል፤ ስለዚህ በአንድ ቁጥር አይጻፍም። ጊጋኸርዝን ማወዳደር ትርጉም የሚኖረው በአንድ ትውልድና በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ባሉ ፕሮሰሰሮች መካከል ነው። የዛሬ 15 ዓመት የወጣን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ከዛሬው ባለ 4 ጊጋኸርዝ ጋር ማስተያየት ከንቱ ድካም ነው።

ሌላም አለ። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው መረጃ አጠገቡ ባለው ካሽ በተባለ ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ ውስጥ ካልተገኘ ወደ ራም፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ማስታወሻ መሄድ አለበት። ያ ጉዞ 80 ናኖሰከንድ ፈጀ እንበል። በ5 ጊጋኸርዝ ይህ 400 ምት ነው። ኮሩ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ሌላ የሚሠራው ነገር ካላገኘ 400 ምት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ክሎኩን ወደ 5.5 ብታሳድጉት የሚጠብቀው 440 ምት ይሆናል እንጂ ጥበቃው በአንድ ናኖሰከንድ እንኳ አያጥርም። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይህን በደንብ አሳይቷል። ከወንድሙ ከ5800ኤክስ ይልቅ ክሎኩ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍተኛው 4.5 ሲሆን የወንድሙ 4.7 ነው። ነገር ግን በ32 ሜጋባይት ፋንታ 96 ሜጋባይት ካሽ ተሰጠው፤ በብዙ ጌሞች ላይም ወንድሙን ጥሎት ሄደ። ጊጋኸርዝ ለሚያመልክ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ የኦቨርክሎኪንግ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቋጠረው። ትራንዚስተር ቶሎ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ከተፈለገ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ይረዳል። ስለዚህ ክሎክ ሲያድግ ውሎ አድሮ ቮልቴጅም ማደግ አለበት። ነገር ግን የኃይል ፍጆታው ከክሎኩ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር የሚያድገው በካሬው ነው። ለሒሳቡ እንዲመች በ1.20 ቮልት 100 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር እንውሰድ። ክሎኩን በ10 በመቶ ጨመርን፤ እንዲረጋ ደግሞ ቮልቴጁን ወደ 1.35 አሳደግን። የቮልቴጁ ጭማሪ በካሬ ሲሰላ 1.27 እጥፍ ገደማ ነው፤ በ1.1 ሲባዛ 1.39 ይሆናል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 39 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን ማለት ነው። ያ ኃይል ሁሉ የጥፍር ስፋት ካላት ቦታ በሙቀት መልክ መውጣት አለበት። ትራንዚስተር ሲሞቅ ደግሞ ዝግ በሆነበት ጊዜም የሚያሾልከው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል።

አሁን ከኋላዬ ያለውን ስክሪን እዩ። የዚህን ላፕቶፕ ክሎክና ሙቀት በየሰከንዱ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቻለሁ። ምንም አልነካሁም፤ ክሎኩ ከ1 ጊጋኸርዝ እምብዛም አይበልጥም። ሥራ ሲፈታ ራሱን ዝቅ አድርጎ ባትሪ ይቆጥባል። አንድ ድረ ገጽ ልክፈት፤ አያችሁ? 4.4 ደረሰና ወዲያው ወረደ። አሁን ሁሉንም ኮሮች ሥራ የሚያስይዝ ሙከራ ላስጀምር። 4.0 ላይ ጀመረ፤ ሙቀቱ 70፣ 82፣ 91 እያለ ነው፤ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ክሎኩ ወደ 3.2 ወረደ። አልተበላሸም። የሙቀት ገደቡ ጋ ስለደረሰ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮችም የዚሁ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው፦ መነሻው ከባድ ሥራ ላይም እንዲጠብቀው የታሰበው ፍጥነት ነው፤ ቡስት የሚባለው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ሁኔታው ሲመች፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ፣ ለአጭር ጊዜ የሚደረስበት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚደምቀው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወርቃማው የኦቨርክሎኪንግ ዘመን አሁን ይገባችኋል። አንድ ዓይነት ንድፍ ያላቸው ቺፖች ከፋብሪካ ሲወጡ እኩል አይደሉም፤ አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥናል፣ ሌላው ይለግማል። ፋብሪካው እየፈተነ በደረጃ ይለያቸዋል። ገበያው ርካሹን በብዛት ሲጠይቅ ግን ጎበዙም ቺፕ የርካሹ ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ከሁሉ የታወቀው ነው። ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፎ በ66 ሜጋኸርዝ መነሻ ምት 300 ሜጋኸርዝ ይሰጥ ነበር። ሰዎች መነሻ ምቱን ወደ 100 ሲያደርጉት 450 ሆነ፤ ብዙዎቹ ቺፖችም ያለ ችግር ተሸከሙት። 50 በመቶ ጭማሪ! ያ ዓይነት ሲሳይ አልተደገመም ማለት ይቻላል። በ2011 ኢንቴል መነሻ ምቱን ከሌሎች የፕሮሰሰሩ ክፍሎች ጋር ስላሰረው በጥቂት በመቶ ብቻ እንጂ ከዚያ በላይ መነቃነቅ አቆመ። ማባዣውን በነጻነት መቀየር የሚቻለውም በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ ላይ ኬ የሚል ፊደል ባላቸው ሆነ። ቢሆንም የዚያን ጊዜው ኮር አይ5 2500ኬ ከ3.3 ተነስቶ 4.5 አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነበር።

ዛሬስ? ከ2008 ወዲህ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውን፣ የሚወስዱትን ኃይልና ሥራ ላይ ያሉትን ኮሮች እያዩ ክሎካቸውን ራሳቸው ያሳድጋሉ። ይህ ጥበብ በየዓመቱ እየተሳለ መጥቶ አሁን የቀረችውን ትርፍ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ ይጠቀምባታል። በ2024 የወጣው ኮር አይ9 14900ኬኤስ ከሳጥኑ እንደወጣ እስከ 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቺፕ ላይ በእጅ የሚጨመረው ጥቂት በመቶ ነው፤ የሚጠይቀው ኃይል ግን ብዙ። ከ9 ጊጋኸርዝ በላይ ተደረሰ የሚለውን ዜና ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ከ200 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ለአጭር ጊዜ የተያዘ ክብረ ወሰን ነው። ስፖርት ነው፤ እንደ ስፖርት ደስ ይላል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም እጃችሁን ማስገባት የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልከለክልም፤ የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ መፍቀዳቸውን አረጋግጡ። በኢንቴል በኩል ባለ ኬ ፕሮሰሰርና ስሙ በዜድ የሚጀምር ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል፤ በኤኤምዲ በኩል አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ራይዘኖች ክፍት ናቸው፤ ቺፕሴቱ ግን የቢ ወይም የኤክስ ቤተሰብ ይሁን። ጠንካራ ማቀዝቀዣና የማያልከሰከስ የኃይል ሳጥን ይኑር። የዋስትና ወረቀቱንም አንብቡ፤ ኦቨርክሎኪንግ የሚያደርሰውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

ከዚያ ምንም ሳትነኩ አሁን ያለውን ለኩ፤ በሙሉ ጭነት ስንት ጊጋኸርዝ፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ዋት፣ በመለኪያ ፕሮግራም ስንት ነጥብ። ይህን ሳይጽፍ የሚጀምር ሰው በመጨረሻ ማግኘቱንና ማጣቱን አያውቅም። ወደ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገብታችሁ ማባዣውን በአንድ ብቻ ጨምሩ፤ አስነሱ፣ ፈትኑ፣ ሙቀቱን እዩ፣ እንደገና በአንድ። አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ያኔ ወይ አንድ እርምጃ ትመለሳላችሁ፣ ወይ በጥቃቅን መጠን ቮልቴጅ ትጨምራላችሁ። ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ጊዜ ከሌላ ሰው የቮልቴጅ ቁጥር ሲገለብጡ ነው፤ ለአንዱ ትውልድ የሚስማማው ሌላውን ሊገድል ይችላል። ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሳም ካለ አትደንግጡ። ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ብታወጧት፣ ወይም ለዚሁ የተሠራውን ቁልፍ ብትጫኑ፣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ልኩ ይመለሳል።

ቀድሜ እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ ተሰናክሎ ሲቆም የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን ካየ በኋላ ኦቨርክሎኩን የሚያወርድ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ችግሩ ጮኾ ነግሮታል። ዝም የሚለው ነው ክፉው። ጌም እየሠራ፣ ፊልም እየታየ፣ አንድ ቀን የታመቀ ፋይል ሲከፈት የተበላሸ ነው ይላል። ወይም የሚቀመጠው ፎቶ ውስጥ አንዲት ቁጥር ትሳሳትና ግማሹ ምስል ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሚታወቀውም ከወራት በኋላ ነው። ቅጂ ወስዳችሁ ከሆነ ቅጂውም የተበላሸውን ይዟል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን በሌላ ዲስክ አስቀምጡና ዲስኩን ንቀሉት። ፈተናውም አሥር ደቂቃ አይበቃውም። ፕራይም95 ወይም ኦሲሲቲ የመሳሰሉት የፈተና ፕሮግራሞች የሠሩትን ስሌት ከትክክለኛው መልስ ጋር እያመሳከሩ ለሰዓታት ይሮጡ፤ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም የሃርድዌር ስህተት ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። አንድ ስህተት ብቻ ብታገኙ ያ ክሎክ አልቆመም ማለት ነው። በአንድ ስህተት ምን አለበት ከሚል ሰው ጋር አልስማማም።

እኔ ራሴ ለጀማሪ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ዴስክቶፕ ካላችሁ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ራሙ በተሸጠበት ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ፕሮፋይል ተመልከቱ፤ በኢንቴል ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ ኤክስፖ ይባላል። 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 ራም ፕሮፋይሉ ካልተከፈተ ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው፤ በከፈላችሁበት ፍጥነት ሳትጠቀሙ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እሱም በሕጉ ኦቨርክሎክ ስለሆነ ሜምቴስት86 በተባለው የራም መፈተኛ ፕሮግራም ፈትኑት። ሁለተኛው ቮልቴጅን በጥቂቱ መቀነስ ነው። ፋብሪካው ለደካማውም ቺፕ እንዲበቃ ብሎ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ቮልቴጅ ለእናንተ ቺፕ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሲቀነስ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ቡስቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ፕሮሰሰሩ እየቀዘቀዘ ይፈጥናል። ከመጠን በላይ ከቀነሳችሁ ግን ያው ያልበሰለ መልስ ይመጣል፤ ፈተናው እዚህም አይቀርም።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የጠየቁኝን መልሼ ላብቃ፦ ኦቨርክሎኪንግ የፕሮሰሰርን ዕድሜ ያሳጥራል ወይ? ክሎኩ ብቻውን እምብዛም፤ ቮልቴጅና ሙቀት ግን አዎ። በጥቃቅኖቹ ሽቦዎች ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የብረቱን አተሞች ቀስ በቀስ ይገፋቸዋል፤ ሙቀትና ብርቱ ኤሌክትሪክ ሲጨመሩ ግፊያው ይፈጥናል። ከዓመታት በኋላ ትናንት የረጋው ክሎክ መንገዳገድ ይጀምራል። ይህ በኦቨርክሎከሮች ላይ ብቻ የሚደርስም አይደለም። በ2024 ብዙ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ማንም ሳይነካቸው መንገዳገድ ጀመሩ። ኩባንያው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር ገልጾ በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የተጎዳውን አይፈውስም፤ ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። ከእነዚህ ትውልዶች አንዱ ያላችሁ ዛሬ ማታ ባዮሳችሁ የትኛው ስሪት እንደሆነ እዩና የማዘርቦርዱ አምራች ካወጣው አዲሱ ጋር አመሳክሩት።